ሬዚንና ሃርድነርን በልኩ የሚያፈስ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን አሠራር

ያፈሰሳችሁት ሬዚን ከሦስት ቀን በኋላም ጣት የሚይዝ ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሬዚኑ ሳይሆን የልኬቱ ነው። ኢፖክሲ፣ ማለትም ሬዚንና ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክር ፕላስቲክ፣ እንደ ፋይበርግላስ ፖሊስተር አይደለም። ፖሊስተር ላይ ካታሊስቱ ትንሽ ቢበዛ ቶሎ ይደርቃል፣ ትንሽ ቢያንስ ይዘገያል፤ ዞሮ ዞሮ ግን ይጠነክራል። በኢፖክሲ ሃርድነሩ ራሱ የዕቃው አካል ነው። የተወሰነ ሃርድነር የሚይዘው የተወሰነ ሬዚን ስለሆነ ከሁለቱ የተረፈው ተጓዳኝ አጥቶ እንደለሰለሰ ውስጥ ይቀራል። «ቶሎ እንዲደርቅ ሃርድነር ጨምርበት» የሚለው ምክር ብዙ ሥራ አበላሽቷል።

ስለዚህ የዚህ ማሽን ዋና ሥራ ከማፍሰሱ ይልቅ ልኩን መጠበቅ ነው። ሁለት ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች አሉት፤ አንደኛው ሬዚን፣ ሌላው ሃርድነር ይይዛል። እያንዳንዳቸውን የየራሳቸው ስቴፐር ሞተር (በተቆጠረ ትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) ይገፋቸዋል። ሁለቱ ፈሳሾች የሚገናኙት ማደባለቂያው አፍንጫ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ሦስተኛ ሞተር ደግሞ ቅርጽ ማውጫዎቹ የተደረደሩበትን ትሪ ከአፍንጫው ሥር ያንቀሳቅሳል። ሬዚኑ 2 እጅ፣ ሃርድነሩ 1 እጅ በሆነበት ኢፖክሲ አንድ ሙሌት 90 ሚሊ ያፈሳል። ይህ ለቁልፍ መያዣ፣ ለአንገት ጌጥ፣ ለሲኒ ማስቀመጫ፣ የኤልኢዲ ሰርኪዩት ውኃ እንዳይገባው ለመድፈን በቂ ነው። ሁለት ሊትር ለሚጠጣ ጠረጴዛ ግን አትሥሩት፤ እሱን በባልዲና በሚዛን መሥራት ይሻላል።

ቦታው የሚጠይቀው

ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ ሱሉልታ፦ የትኛውም የአዲስ አበባ ዳር ብትሆኑ ሦስት ነገሮች ከማሽኑ ሥዕል በፊት መታሰብ አለባቸው።

አንደኛው ብርድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደረ ሬዚን ጠዋት ላይ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይችላል። ከ25 ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ብቻ ውፍረቱ በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ በ10 ዲግሪ እንደ ረጋ ማር ነው። ሞተሩ ሊገፋው ይቸገራል፣ አረፋውም አይወጣም።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 1,013 ሚሊባር ሲሆን እዚህ አካባቢ እንደ ሰፈሩ ከፍታ ከ740 እስከ 780 ሚሊባር ነው። ይህ ቫኪዩም ላይ ግራ ያጋባል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ አፍንጫው ውስጥ ያለው ድብልቅ አይጠብቃችሁም፤ እዚያው ይረጋል። ስለዚህ ማሽኑን ከመጀመሪያው በ12 ቮልት ባትሪ እንዲሠራ እናደርገዋለን፤ የግድግዳው መብራት ባትሪውን ይሞላል እንጂ ሞተሮቹን በቀጥታ አይነዳም።

ፓምፖቹ

ሁለቱን ፓምፖች አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ሥሩ። ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው፦ ኔማ 17 ስቴፐር ሞተር፣ 200 ሚሜ ርዝመት ያለው 8 ሚሜ ሊድ ስክሩ (ጥርስ የወጣለት ዘንግ) ከነነሐስ ዳዶው፣ ሁለት 8 ሚሜ ለስላሳ ዘንጎች፣ በእነሱ ላይ የሚንሸራተቱ ኤልኤም8ዩዩ ኩሽኔታዎች፣ ባለ 5 በ8 ማገናኛ እና አንድ 608 ኩሽኔታ ነው። ለስላሳ ዘንጎቹን ከአሮጌ ፕሪንተር ማውጣት ይቻላል፤ ምናለሽ ተራ ላይ የፕሪንተርና የፎቶኮፒ ማሽን አካል አይጠፋም። ቀጥ ማለታቸውን መስታወት ላይ አንከባልላችሁ እዩ፤ የጎበጠ ዘንግ ሲዞር ከሥሩ ብርሃን ያሳልፋል።

ሊድ ስክሩ ስትገዙ አንድ ዙር ስንት ሚሊሜትር እንደሚሄድ ጠይቁ። ሱቅ ላይ በብዛት የሚገኘው በአንድ ዙር 8 ሚሜ የሚሄደው ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሻለው 2 ሚሜ የሚሄደው ነው። ልዩነቱ በጉልበት ይታያል። 0.4 ኒውተን ሜትር የሚባል ሞተር በግማሽ ከረንት ሲሠራ፣ በ2 ሚሜው ዘንግ 190 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም 19 ኪሎ ያህል ይገፋል። በ8 ሚሜው ግን ከዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም። በእጅ ለመለየት ዳዶውን አንድ ዙር አዙሩና የሄደበትን በካሊፐር ለኩ።

መደገፊያውን ከ18 ሚሜ ኮምፔንሳቶ ወይም ከ40 በ20 ቱቦላሬ መሥራት ይቻላል። ቱቦላሬ ከመረጣችሁ በያጁ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይያዘው፤ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ከበየደው ብረቱ ይጎብጥና ዘንጎቹ አይንሸራተቱም። የሚንሸራተተው ብሎክ ኩሽኔታዎቹንና ዳዶውን ይይዛል፣ የሲሪንጁን መግፊያ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ማቀፍ አለበት። ከኋላ ብቻ የሚገፋ ብሎክ መሳብ አይችልም፤ ፍሰቱን በንጽሕና ለመቁረጥ ግን ትንሽ መሳብ ያስፈልጋል።

ሲሪንጁን አካሉ ላይ አታስሩት። ፕላስቲኩ ሲጨመቅ ክብነቱን ያጣና ጎማው ያፈስሳል። የሚያዘው ሁለት ክንፍ ያለው ከንፈሩ ላይ ነው፤ 6 ሚሜ ላሜራ ላይ ከንፈሩ የሚገባበት ስንጥቅ በሴጌቶ አውጡና ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር። መግፊያው ወደ ፊት ሲገፋ ሊድ ስክሩ በተቃራኒው ወደ ሞተሩ ይገፋል። ጠመዝማዛ ስንጥቅ ያለው ተጣጣፊ ማገናኛ በዚህ ጊዜ እንደ ሞላ ይጨመቃል። ሞተሩ ሲቆም ሞላው ይለቀቅና አፍንጫው ለብዙ ሰከንድ ማንጠባጠቡን ይቀጥላል። የሬዚኑ ጎን የበለጠ ስለሚጨመቅ የሚንጠባጠበው ድብልቅም ልኩን የሳተ ነው። መድኃኒቱ 608 ኩሽኔታውን ከሞተሩ ፊት ለፊት ባለ ላሜራ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሊድ ስክሩ ላይ በብሎን የሚጠብቅ ቀለበት አስሮ ኩሽኔታው ላይ ማስደገፍ ነው። ግፊቱን ኩሽኔታው ይሸከማል፣ ማገናኛው ማዞር ብቻ ይሆናል ሥራው። የሞተሩም የውስጥ ኩሽኔታ ለረጅም ጊዜ ይኖራል።

ከሲሪንጁ እስከ አፍንጫው ያለው ቱቦ አጭርና ጠንካራ ይሁን፦ 6 ሚሜ የውጭ፣ 4 ሚሜ የውስጥ ስፋት ያለው ፖሊኢትሊን ወይም ቴፍሎን፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ። ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ እንደ ፊኛ ይነፋና የማገናኛውን ችግር መልሶ ያመጣል። ሁለቱን ቱቦዎች የሚያገናኘው ዋይ ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ከጠብታ መስኖ ዕቃ ሻጮች ይገኛል። የነሐስ ቲ እንዳታስገቡ፤ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አሚን የሚባል ኬሚካል መዳብ ያለበትን ብረት እየበላ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ቀለሙም ጥርት ባለ ሬዚን ላይ ይታያል። ግልጽ የፖሊካርቦኔት የሕክምና ቫልቮችም በአሚን ይሰነጠቃሉ።

ማደባለቂያው አፍንጫ

በፋብሪካ የተሠራ፣ 24 ወይም 32 ክፍል ያለው የሚጣል አፍንጫ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ካልተገኘ በእጅ ይሠራል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምስጢር የለውም።

የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሜ የሆነ ግልጽ ቱቦ ያዙ። ከዱቄት ወተት ጣሳ ቆርቆሮ 5.8 ሚሜ ስፋት ያላቸው ሁለት ረጃጅም ቅዳጆች በመቀስ ቁረጡ። የአንዱን ጫፍ በሞርሳ አስራችሁ ሌላውን በፒንሳ ይዛችሁ ወደ ቀኝ ጠምዝዙ፤ በየ9 ሚሜው ግማሽ ዙር እንዲሞላ። ሁለተኛውን በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ ግራ። ከዚያ ሁለቱንም በየግማሽ ዙሩ ቆራርጡ። አሁን አንድ የቀኝ፣ አንድ የግራ እያፈራረቃችሁ ታያይዛላችሁ፤ የአንዱ ጠርዝ የሚቀጥለውን በመስቀል ቅርጽ፣ በ90 ዲግሪ መቁረጥ አለበት። መገናኛቸውን በትንሽ ሊድ በየዱት። 24 ክፍል ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል።

የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ክፍል የመጣለትን ፍሰት ለሁለት ይከፍለዋል፣ ያዞረዋል፣ ለሚቀጥለው ይሰጠዋል። ከአንዱ ሁለት ንጣፍ፣ ከሁለቱ አራት፣ ከአሥሩ 1,024፣ ከ24ቱ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው አየር አይመታም፤ በእጅ በእንጨት ከማማሰል የሚበልጠውም በዚህ ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጠመዘዙ ከሆነ ግን ፈሳሹ ተጠማዞ ይወጣል እንጂ አይደባለቅም።

ለመፈተን ሬዚኑ ላይ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ጨምሩና ቱቦውን በብርሃን ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ ሰማያዊና ነጣ ያለ ክር ይታያል፤ እስከ አሥረኛው አካባቢ ክሩ ጠፍቶ አንድ ቀለም መሆን አለበት። ጫፉ ላይ ክር ከታየ አንዱ ክፍል ተንሸራቶ ጠርዞቹ ትይዩ ሆነዋል ማለት ነው።

ይህ አፍንጫ ውስጡ 6 ሚሊ ገደማ ይይዛል። እሱ በየሥራው መጨረሻ የሚጣል ስለሆነ ከ90ው ላይ ከወዲሁ ቀንሱት።

ኤሌክትሪኩ

አርዱዊኖ ኡኖ (ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ)፣ በላዩ ሲኤንሲ ሺልድ ቨርዥን 3፣ ሦስት ኤ4988 ድራይቨር (ሞተሮቹን የሚነዱ)። የእያንዳንዱ ድራይቨር ሥር ያሉትን ሦስት ጃምፐሮች ሁሉንም አስገቡ፤ ይህ 1/16 ማይክሮስቴፕ ይሰጣል፤ የሞተሩ እያንዳንዱ እርምጃ ለ16 ይከፈላል ማለት ነው። ዲአርቪ8825 ከገዛችሁ ያው ሦስት ጃምፐር 1/32 ስለሆነ ሁለቱን ዓይነት አትቀላቅሉ፤ አንዱ ፓምፕ በግማሽ ፍጥነት ይሄድና ልኩ ድብልቅልቁ ይወጣል።

ከረንቱን ሞተር ሳታገናኙ አስተካክሉ። ድራይቨሩ ላይ ያሉት ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች አር100 የሚል ከተጻፈባቸው፣ በፖቴንሽዮሜትሩና በግራውንድ መካከል 0.64 ቮልት ስታገኙ ከረንቱ 0.8 አምፔር ነው። አር050 ከሆኑ 0.32 ቮልት። ከዚህ በላይ አትውጡ። ሞተሩ የበለጠ መግፋት ቢችልም አፍንጫው በረጋ ሬዚን ሲደፈን ቱቦው ከሲሪንጁ ተፈናጥሮ ከሚወጣና ዓይናችሁ ላይ ሃርድነር ከሚረጭ፣ ሞተሩ ቢቆም ይሻላል።

የሞተሩን አራት ሽቦዎች ጥንድ ለመለየት ሁለቱን አነካክታችሁ ዘንጉን በእጅ አዙሩ፤ ከከበደ ጥንድ ናቸው። መብራቱ ሳይጠፋ የሞተር ሶኬት መንቀል ድራይቨሩን ወዲያው ይገድላል።

በሁለቱ ፓምፖች የጉዞ መጨረሻ ላይ ማብሪያ ስዊች አድርጉ። ብሎኩ ሲነካው ወረዳው የሚቋረጥ፣ ማለትም በዕረፍት ጊዜ የተገናኘ ዓይነት ይሁን፤ ሽቦው ቢበጠስም ማሽኑ ይቆማል። ከስዊቹ መግቢያ እስከ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየዱ፤ ያለሱ የሞተር ሽቦ የሚረብሸው ምልክት ማሽኑን ያለ ምክንያት ያስቆመዋል። ትሪውም ላይ ስዊች ከፈለጋችሁ አንድ ወጥመድ አለ፦ አርዱዊኖው ላይ የምንጭነው ጂአርቢኤል 1.1 የሚባል ፕሮግራም የዜድን፣ ማለትም የትሪውን ሞተር፣ ስዊች የሚጠብቀው በፒን 12 ላይ ነው፤ የቆየው ሺልድ ላይ ያ ፒን የስፒንድል ማስነሻ ተብሎ የተጻፈበት ነው። ዜድ በተባለው ላይ ብትሰኩት አይሠራም። ለዜድ ስዊች ባታደርጉም ያንን ፒን በአጭር ሽቦ ከግራውንድ ጋር አገናኙት፤ ክፍት ከተተወ ከታች በምናስገባው ቅንብር ማሽኑ ስዊች የተነካ መስሎት አይንቀሳቀስም።

ኃይሉ ከ12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይምጣ፤ ባትሪው 13.6 ቮልት አካባቢ ላይ በሚቆም ቻርጀር ሁልጊዜ የተገናኘ ይሁን። ባትሪው ጫፍ ላይ 5 አምፔር ቫልቮላ፣ ቀጥሎ በመዳፍ የሚመታ ቀይ ማቋረጫ። ኡኖውን በዚህ ባትሪ አትመግቡት፤ 13 ቮልት ሬጉሌተሩን ያግለዋል። ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ይመገብ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ፣ ሞተሮቹ በዚህኛው ሁለት ሰዓት ያህል ይቀጥላሉ፤ የያዛችሁትን ሙሌት ለመጨረስ ከበቂ በላይ ነው። ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጋችሁ ማስተካከል ግን አትርሱ።

ለኮምፒውተሩ ልኩን መንገር

አርዱዊኖው ላይ ጂአርቢኤል 1.1 ጫኑ፤ ትዕዛዙን ለመላክ ነፃው ዩኒቨርሳል ጂ-ኮድ ሴንደር ይበቃል፣ ፍጥነቱ 115200። ኤክስ የሬዚኑ፣ ዋይ የሃርድነሩ፣ ዜድ የትሪው ሞተር ነው።

ጂአርቢኤል የተሠራው ለፍሬዛ ማሽን ነው፤ ለእኛ ግን እንደ ተፈጠረ ያህል ይመቻል። ኤክስና ዋይ በአንድ ትዕዛዝ ሲንቀሳቀሱ ቀጥ ያለ መስመር ለመሳል ስለሚሞክር፣ ሁለቱ እኩል ተነሥተው እኩል ይቆማሉ፤ ሲፈጥኑም ሲዘገዩም በመካከላቸው ያለው ልክ አይለወጥም። ሁለት የተለያዩ ፓምፖችን በየራሳቸው ሰዓት ማስነሣት ይህን አይሰጥም።

ከሚሊሜትር ይልቅ በቀጥታ በሚሊ ሊትር እንዲቆጥር እናድርገው፤ እሱ አያውቀውም። ሲሪንጁ ላይ ከ0 እስከ 50 ያለውን ርቀት በካሊፐር ለኩ። 89.3 ሚሜ ከሆነ 50ን ለ89.3 ስታካፍሉ በአንድ ሚሜ 0.56 ሚሊ ይሆናል። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ በ16 ሲባዛ 3,200፤ ለ2 ሚሜ ሲካፈል በሚሜ 1,600 እርምጃ። 1,600ን ለ0.56 ስታካፍሉ በአንድ ሚሊ ሊትር 2,857 እርምጃ ታገኛላችሁ። የሲሪንጅ ስፋት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የእኛን ቁጥር ሳይሆን የራሳችሁን ተጠቀሙ።

ትሪውን በመሳቢያ ሃዲድ ላይ አድርጋችሁ በጂቲ2 ቀበቶና በ20 ጥርስ ፑሊ ካነዳችሁት በአንድ ዙር 40 ሚሜ ስለሚሄድ 80 እርምጃ በሚሜ ነው። እንግዲህ የሚገባው ቅንብር ይህ ነው፦

$1=255
$5=1
$21=1
$22=0
$100=2857
$101=2857
$102=80
$110=60
$111=60
$112=1500
$120=5
$121=5
$122=50

የመጀመሪያው ሞተሮቹ ሲቆሙም እንደያዙ እንዲቆዩ ያደርጋል፤ አለበለዚያ በግፊት ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። $22 ዜሮ የሆነው ማሽኑን «ቤቱን» ፍለጋ የሚልከው ትዕዛዝ በስሕተት ቢሰጥ እንዳይሠራ ነው፤ የተሞላ ሲሪንጅ ይዞ ቢሄድ ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል። $122 ዝቅ ያለው የተሞላው ቅርጽ ማውጫ እንዳይናወጥ ነው።

10 ሚሊ ለሚይዝ፣ በ60 ሚሜ ርቀት ለተደረደረ ቅርጽ ማውጫ ትዕዛዙ እንዲህ ነው፤ ስትጽፉ ፊደሎቹን በላቲን አስገቡ፦

ጂ21 ጂ91
ጂ1 ኤክስ6.67 ዋይ3.33 ኤፍ30
ጂ1 ኤክስ-0.10 ዋይ-0.05 ኤፍ30
ጂ4 ፒ3
ጂ1 ዜድ60 ኤፍ600
ጂ1 ኤክስ0.10 ዋይ0.05 ኤፍ30

ጂ91 እያንዳንዱ ጉዞ ካለበት ቦታ እንዲቆጠር ያደርጋል። ኃይል ተቋርጦ ማሽኑ ቦታውን ቢረሳ እንኳ የሚቀጥለው ማፍሰስ አይሳሳትም። ከሁለተኛው መስመር እስከ መጨረሻው ያለውን በቅርጽ ማውጫው ቁጥር ልክ ደጋግሙት። ሦስተኛው መስመር የሚስበው ጥቂት ነው፤ እሱም በ2 ለ1 ልክ ነው።

ኤፍ 30 ማለት በደቂቃ 30 ሚሊ ይፈስሳል ማለት አይደለም። ፍጥነቱ የሚለካው በሰያፉ መስመር ላይ ስለሆነ በ2 ለ1 ልክ ጠቅላላው ፍሰት ኤፍን በ1.34 ያበዛ ነው፤ 30 ስትሰጡት 40 ሚሊ በደቂቃ፣ 10 ሚሊውም በ15 ሰከንድ ገደማ።

በሚዛን ማረም

ስሌቱ መነሻ ብቻ ነው፤ የሚታመነው ሚዛን ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት አነስተኛ ሚዛን ያስፈልጋል። አፍንጫውን ከነመገጣጠሚያው አውልቁ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ወደ ሁለት ስኒ አድርጉ፣ ኤክስ20 ዋይ10 አዝዙ። የሬዚኑ ጥግግት 1.12፣ የሃርድነሩ 0.96 ከሆነ 22.4 ግራምና 9.6 ግራም መምጣት አለበት። ትክክለኛውን ጥግግት ከዕቃው መረጃ ወረቀት ውሰዱ፤ በዚህ ምሳሌ 2 ለ1 በመጠን ማለት 100 ለ43 በክብደት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሃርድነሩን በ17 በመቶ ገደማ ያበዛል።

ሃርድነሩ 9.1 ከመጣ፣ 2,857ን በ9.6 አባዝታችሁ ለ9.1 አካፍሉ፤ 3,014 ይሆናል፤ $101 ላይ አስገቡት። ሦስት ጊዜ ደግማችሁ ሦስቱም ከ2 በመቶ በታች መለያየት አለባቸው። በየጊዜው የሚዋዥቅ ከሆነ ቁጥር መነካካት አቁሙ፤ አየር ገብቷል ወይም የሲሪንጁ ጎማ እየተጣበቀ በዝላይ ይሄዳል። ጎማውን ሃርድነር እያሳበጠው ስለሚሄድ ሲሪንጁን ሞልታችሁ አታሳድሩት፤ ከብዶ መንሸራተት የጀመረውንም ጣሉት።

አየር

ከሁሉም በላይ ልክ የሚያፋልሰው ይህ ነው። ሲሪንጅ ውስጥ የቀረች የ2 ሚሊ አረፋ ሞላ ናት። ፓምፑ ሲነሣ መጀመሪያ እሷ ትጨመቃለች፤ በዚያን ጊዜ ያ ጎን አይፈስም፣ ሌላው ግን ይፈሳል። አረፋዋ ሃርድነሩ ውስጥ ከሆነች የመጀመሪያው ቅርጽ ማውጫ ሃርድነር ያጣል፣ የመጨረሻው ይበዛበታል፤ ጠቅላላ ክብደቱ ግን ትክክል ይመስላል።

ሲሪንጁን ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሙሉ፣ አሥር ደቂቃ አቁሙት፣ በጣት ነካ ነካ አድርጉ፣ አረፋው ሲወጣ ግፉ። ከዚያ ቱቦዎቹን ለየብቻ እስኪሞሉ ድረስ አፍስሱ፣ አፍንጫውን ግጠሙ፣ የመጀመሪያውን 10 ሚሊ ወረቀት ላይ አፍስሳችሁ ጣሉት። ሬዚን መወደዱ ይታወቃል፤ ይህችን ማስቀረት ግን ሙሉውን ሙሌት ሊያስጥል ይችላል።

ሬዚኑን ከመሙላት በፊት በቫኪዩም አየሩን ማውጣት ጥሩ ነው፤ ሃርድነሩ ቀጭን ስለሆነ ቢያርፍ ይበቃዋል። ጋዙ አስቀድሞ በባለሙያ የወጣ አሮጌ የፍሪጅ ኮምፕሬሰር በመሳቢያው በኩል ጥሩ ፓምፕ ነው። ዕቃው ወፍራም የፕሬዠር ድስት፣ ክዳኑ ቢያንስ 20 ሚሜ አክሪሊክ ይሁን፤ በ24 ሴንቲ ሜትር ክዳን ላይ እዚህ ከፍታ ላይ እንኳ ወደ 350 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ያርፋል። ተራ መስታወት በፍጹም አይሆንም። ሬዚኑ አረፋ አውጥቶ ስለሚነሣ ዕቃው በአራት እጥፍ ይብለጥ።

እዚህ ላይ ነው ከፍታው የሚመጣው። የውጭ መመሪያ «ጌጁ 29 ኢንች እስኪያነብ ሳቡ» ይላል። እኛ ዘንድ ጌጁ 22 እና 23 መካከል ቆሞ ከዚያ አያልፍም፤ ፓምፑ ግን አልተበላሸም። ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው፤ ውጭው ራሱ ከ780 ሚሊባር ስለማይበልጥ የሚቀነስ የለም። በዚህ ምክንያት ደህና ፓምፕ አትጣሉ።

ብርድና ሙቀት

ሁለቱን ፓምፖች በኮምፔንሳቶ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡና ሳጥኑን 28 ዲግሪ ላይ ያዙት። ሁለት 10 ኦም፣ 25 ዋት የአሉሚኒየም ልብስ ያላቸው ሬዚስተሮች በ12 ቮልት እያንዳንዳቸው 14.4 ዋት ይሰጣሉ። ላሜራ ላይ አስራችሁ ትንሽ የኮምፒውተር ማራገቢያ አድርጉባቸው፣ በደብሊው1209 ቴርሞስታት ተቆጣጠሩ፣ በ72 ዲግሪ የሚቋረጥ የሙቀት ቫልቮላም ጨምሩ። ይህ ማሞቂያ በራሱ አዳፕተር ከግድግዳው ይመገብ እንጂ ከባትሪው አይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ ባትሪው ግን ለሞተሮቹ ይቀራል። ከ30 በላይ አትሂዱ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመሥሪያው ጊዜ በግምት በግማሽ ያጥራል።

ብርድ ላይ የከረመ ሬዚን ነጭ ደመና ወይም ጥራጥሬ ከታየበት ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ እንደ ማር ረግቶ ነው። ጣሳውን 50 ዲግሪ ውኃ ውስጥ እስኪጠራ አቁሙትና አቀዝቅዛችሁ ተጠቀሙ። ጥራጥሬው እያለ ሲሪንጅ ውስጥ ከገባ ግን አፍንጫውን ይደፍናል።

በክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ የፈሰሰው ላይ ቅባት የመሰለ ነጣ ያለ ሽፋን ሊወጣ ይችላል። ይህ የአሚኑና የእርጥበቱ ሥራ ነው። በለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይታጠባል፤ ሳይታጠብ ሁለተኛ ንጣፍ ከተደረገበት ይላጣል። የሚደርቅበትን ክፍል ከ20 ዲግሪ በላይ መያዝ ይከላከለዋል።

ሲሠራ የሚታይ ነገር

ሞተሩ ተስኖት እርምጃ ቢዘል ጂአርቢኤል አያውቅም፤ የታዘዘውን እንደ ተፈጸመ ይቆጥራል። ጠቅላላውን ክብደት መመዘንም ብዙ አይረዳም፤ በ10 ሚሊ ውስጥ ሃርድነሩ በ10 በመቶ ቢጎድል ልዩነቱ 0.3 ግራም ብቻ ነው። የሚያስተማምነው ሲሪንጁ ላይ ያለው መስመር ነው። በየስድስቱ ማፍሰስ ተመልከቱ፦ ሬዚኑ 40 ከወረደ ሃርድነሩ 20 መውረድ አለበት። ካልተስማሙ እዚያው አቁሙ።

በሁለት ማፍሰስ መካከል ከመሥሪያው ጊዜ ሲሶ በላይ አትቆዩ። ጣሳው 30 ደቂቃ ካለ፣ አሥር ደቂቃ ካለፈ 6 ሚሊ ገፍታችሁ አፍንጫውን አድሱ።

እጅ ላይ የናይትራይል ጓንት፣ ዓይን ላይ መነጽር፣ በርና መስኮት ክፍት። ኢፖክሲ ቆዳን ቀስ በቀስ ያስቆጣል፤ አንዴ አለርጂ ከያዘ በኋላ አይለቅም፣ ሥራውን ለመተው ያስገድዳል። ቆዳ ላይ ሲነካ በሳሙናና በውኃ እንጂ በአሴቶን ወይም በቤንዚን አትጠቡት፤ እነሱ ወደ ውስጥ ይነዱታል። የተረፈ ድብልቅ በኩባያ ተጠራቅሞ አይቀመጥ፤ ብዛት ሲኖረው ራሱን አግሎ ይጨሳል። በሰፊ ላሜራ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሥራው ሲያልቅ አፍንጫውን ከነመገጣጠሚያው ከቱቦዎቹ ላይ ንቀሉ፤ የሁለቱን ቱቦዎች ጫፍ በተለያየ ጨርቅ ጥረጉ፣ በተለያየ ክዳንም ክደኗቸው። ክዳኖቹን አንዱን ቀይ፣ አንዱን ጥቁር አድርጓቸው፤ አንድ ጊዜ ቢለዋወጡ ጫፉ ውስጥ ይረጋና ቱቦው ይጣላል። ድብልቅ ውስጡ የቀረበትን አፍንጫ ግን አትወርውሩት። ቀንና ሰዓት ጻፉበትና ሞቃቱ ሳጥን ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ቱቦውን ሰንጥቃችሁ በጥፍር ጫኑት፦ ድንጋይ ከሆነ የትናንቱን ከቅርጽ ማውጫ አውጡ፤ ጥፍር ከገባበት ሚዛኑ ላይ ሳትመለሱ አንድም ነገር አታፍስሱ።